ኢፋትን ገዛ፤ ራሱንስ?

ሸዋ ሮቢት ሲባል ለብዙው የአዲስ አበባ ሰው ቀድሞ የሚታወሰው ወህኒ ቤቱ ነው። ወደ ደሴ ተጉዞ የሚያውቅ ደግሞ ሙቀቱን፣ በመንገዱ ዳርና ዳር የተደረደረውን ፓፓያና ሸንኮራ አገዳ፣ አውቶቡሱ ገና ሳይቆም መስኮቱን የሚከቡትን ሕፃናት ነጋዴዎች ያስታውሳል። እኔ የከተማይቱን ስም በሰማሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ሌላ ነው፤ ሦስት ቃላት ብቻ ያሏት አንዲት ንግግር። "ዛሬ ጾመኛ ነኝ።" የተናገሩት ሰው ክርስቲያን አልነበሩም። ንግግራቸው ግን ራስን መግዛት ስለሚባለው የክርስትና ምግባር ከሰማኋቸው ስብከቶች ሁሉ የበለጠ ሲያስጨንቀኝ ኖሯል። አልፎ ተርፎም ወደ ሰባት መቶ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ መልሶ ከአንድ ንጉሥና ከአንድ መነኩሴ ጋር አፋጦኛል።

ነገሩ የሆነው በ1985 ዓ.ም. ነው። የካቲት 15 ቀን ሁዳዴ ገባ፤ በዚያው ሳምንት ረመዳንም ገባ። ይህ በየዓመቱ የሚሆን አይደለም። የእስልምናው አቆጣጠር ጨረቃን የሚከተል በመሆኑ ረመዳን በየዓመቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል፤ ዙሩን ለመጨረስ ሠላሳ ሁለት ወይም ሠላሳ ሦስት ዓመት ይፈጅበታል። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ሲገቡ ዙሩ መሙላቱን አስተዋልኩና ይህን ለመጻፍ ብዕር አነሣሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ያስቀመጥኩት ዕዳ ነው ማለት ይቻላል።

ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ተመድቤ የሄድኩ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥቶ፣ ጣሊያን የበሳውን የጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ሲወርድ ሰው በአንድ ጧት ካፖርቱንም ኮቱንም ያወልቃል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ መውረድ ቀላል ነገር አይደለም። የሚገባበትም አገር ሌላ ነው፤ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ገበያ የሚጋራበት፣ የደብር ደወልና አዛን በአንድ ጆሮ የሚሰሙበት የይፋት ቆላ ነው።

በዚያ ሙቀት ጾም ምን እንደሚመስል ያልቀመሰው አይገባውም። አዲስ አበባ ሳለሁ ጾሜ ከሥጋና ከወተት መከልከል ያለፈ አልነበረም። እዚያ ግን ብቻዬን ስሆን እልህ ያዘኝ መሰለኝ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳልቀምስ መዋል ጀመርኩ። አንደኛው ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛውም። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ በራሴ እኮራ ነበር። ደረቴ ይነፋል። እነሆ ሥጋዬን ረገጥኳት፣ ገዛኋት እላለሁ ለራሴ።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የአምስተኛ ክፍል ልጆችን ሳስተምር፣ ከኋላ የተቀመጠ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ራሱን ደስኩ ላይ ደፍቶ አየሁት። ጠራሁት፤ አልሰማም። ደግሜ ጠራሁት፤ ቀና ብሎ አየኝና ዓይኑ መልሶ ተከደነ። ልጆቹ ሳቁ። በእኔ የሳቁ መሰለኝ። አርጩሜው እጄ ላይ ነበር፤ በዚያ ዘመን የማን አስተማሪ እጅ ላይ አልነበረም? ግን ያን ቀን ያደረግሁት ቅጣት አይባልም። ስንት ጊዜ እንደመታሁት አላውቅም። ያቆምኩት አርጩሜው ተሰብሮ ነው።

በማግሥቱ ጧት የልጁ አባት መጡ። ሽርጥ የታጠቁ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ረጅም የአርጎባ ሰው ናቸው። ከዛፍ ጥላ ሥር ቆመው ጠበቁኝ። ልጁ አጠገባቸው የለም። እኔ ቀድሜ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ሥነ ሥርዓት፣ ትምህርት፣ የልጁ የወደፊት ዕድል... ዝም ብለው አዳመጡኝ። መንጋጋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። እጃቸው በትራቸውን ጨብጦ ሲላላ፣ እንደገና ሲጨብጥ አያለሁ። ስጨርስ፣ "መምህር፣ ዛሬ ጾመኛ ነኝ። ሌላ ቀን እንነጋገራለን" አሉኝና ዞረው ሄዱ።

ነቢያቸው ያስተማሩት መሆኑን የተረዳሁት ኋላ ነው፤ ጾመኛ ሰው ሲሰደብ ወይም ለጠብ ሲጋበዝ በዚህ ቃል እንዲያልፈው ታዟል። ያን ጊዜ ግን የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እኚህ ሰው እንደኔው ውሃ አልጠጡም። እንደኔው ተቆጥተዋል፤ ምክንያታቸው ከኔ ይልቅ እውነተኛ ነው። እኔ ራሴን ለሆዴ ነሥቼ ለቁጣዬ ሰጠሁት።

ትንሽ ከተማ ወሬ አያሳድርም። እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ፣ በደብሩ የሚያስተምሩ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ልጄ፣ ጾምህ እንዴት ነው?"

"ደኅና ነው የኔታ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ።"

"ሆድህን አልጠየቅሁህም" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የነገሩኝ ነገር ለቤተ ክርስቲያን ሰው አዲስ አይደለም፤ ለከተሜው አንባቢ ግን ምናልባት አዲስ ነው። የቅዱሳን ማዕረግ አሥር ነው ይላሉ ሊቃውንቱ። ሦስቱ ንጽሐ ሥጋ፣ አራቱ ንጽሐ ነፍስ፣ ሦስቱ ንጽሐ ልቡና ይባላሉ። መነሻው ጽማዌ ነው፤ ዝምታ፣ እርጋታ ማለት ነው። ሁለተኛው ልባዌ፣ ማስተዋል። ሦስተኛው ጣዕመ ዝማሬ፤ የሚጸልዩት ጸሎት ትርጉሙና ጣዕሙ ሲገባ። ከዚያ ወደ ነፍስ ንጽሕና ሲዘለቅ መጀመሪያ አንብዕ አለ፤ ዕንባ። አምስተኛው ኩነኔ ነው።

"ኩነኔ?" አልኩ ደንግጬ። ለኔ ኩነኔ ሲኦል የሚያስገባ ነገር ነው።

"መኰነን ማለት መግዛት ነው። መኰንን ስትል ምን ማለትህ ነው? ነፍስ ሥጋን ስትገዛ ኩነኔ ይባላል። ራስን መግዛት የምትሉት እሱ ነው። አምስተኛ ላይ ነው የተቀመጠው። ከዝምታ በኋላ፣ ከዕንባም በኋላ። አንተ መሰላሉን ሳትረግጥ ጣራው ላይ ነኝ አልክ።" ጥቂት ዝም አሉና፣ "ያ ሰው እስላም ነው፤ ማዕረጋቱን አልተማረም። ግን አንደኛይቱን ካንተ ቀድሞ ይዟታል" አሉኝ።

አቀርቅሬ ነበር። ሊያጽናኑኝ ፈልገው ይሁን ሊጨምሩልኝ እንጃ፣ "አንተ ብቻ አይደለህም። ዐምደ ጽዮንም ጾመኛ ነበር" አሉ።

"ኢፋትን የገዛው ንጉሥ?"

"ኢፋትን የገዛው። አኖሬዎስን የገረፈው።"

የመጀመሪያውን ዐምደ ጽዮን አውቀዋለሁ፤ ሳስተምረውም ኖሬአለሁ። ሁለተኛውን አላውቀውም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየአጋጣሚው ስለ ሁለቱ ሳነብ ቆይቻለሁ።

ዐምደ ጽዮን እ.ኤ.አ. ከ1314 እስከ 1344 የነገሠ ነው። በዘመኑ ዛሬ ፓፓያ የሚሸጥበት ቆላ የአንድ ኃይለኛ ሱልጣኔት እምብርት ነበር። የወላስማ ሥርወ መንግሥት በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ፣ በ1285፣ የሸዋን ሱልጣኔት ጠቅልሎ ኢፋትን አጽንቷል። ከደጋው ግርጌ እስከ ዘይላ ወደብ የሚወስደው የንግድ መንገድ በእጁ ነበር። ይህ ተረት እንዳይመስል፣ በ2000ዎቹ ውስጥ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የቅርስ አጥኚዎች በእነዚሁ ተዳፋቶች ላይ አስባሪ፣ መሳል፣ ኖራ የሚባሉ የድንጋይ ከተሞችን ፍርስራሽ ከነመስጊዳቸው አጥንተዋል። እኔ ሳስተምር ከደጃፌ ጥቂት መንገድ ርቆ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን የነገረኝ አልነበረም።

ንጉሡ በ1320ዎቹ መጨረሻ ኢፋትን ወግቶ ሱልጣኑን ሐቀዲንን ማረከና ወንድሙን ሰብረዲንን ሾመ። ሰብረዲን በ1332 ገደማ አመፀ። የዚህ ጦርነት ታሪክ በግእዝ ተጽፎ ይገኛል፤ ከነገሥታት ዜና መዋዕሎቻችን ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ጸሐፊው ንጉሡን ይወደዋል፤ ይወደዋል ብቻ ሳይሆን ያመልከዋል ልበል? ዐምደ ጽዮን ታሞ ለቀናት እህል ውሃ ሳይቀምስ ቆይቶ ከአልጋው ተነሥቶ ሲዋጋ፣ ሠራዊቱ ክረምት ገባብን ወደ አገራችን እንመለስ ሲለው እምቢ ሲል፣ ከጦርነቱ በፊት ጸሎት ሲያስደርግ እናነባለን። ረኀብ የማያሸንፈው፣ ፍርሃት የማይገዛው ሰው ነው። ይህን ብቻ ላነበበ ራሱን የገዛ ሰው ምሳሌ ሌላ አያስፈልገውም።

በዚሁ ዜና መዋዕል ውስጥ ሰብረዲን ሲፎክር የንጉሡን ከተማ መረዴን ይዤ ጫት እተክልባታለሁ እንዳለ ተጽፏል። ጫት በጽሑፍ ከተነሣባቸው ጥንታዊ ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ነገሬን አቋርጬ አንድ ነገር ላንሣ። በዚያው ዘመን ካይሮ ሆኖ የአገሩን ሰዎች እየጠየቀ ስለ ኢፋት የጻፈው ዓረባዊ አል-ዑመሪ፣ የአካባቢውን ሸንኮራና ሙዝ ሲቆጥር ጫትንም ያነሣል። አእምሮን ይስላል፤ የመብልን፣ የእንቅልፍንና የሴትን ፍላጎት ይቀንሳል ይሉታል ብሎ። ከዚያ አንድ የየመን ንጉሥ ይህን ሰምቶ፣ ታዲያ በዚህ ዓለም ከነዚህ ሌላ ምን ደስታ አለ፣ ገንዘቤን የማጠፋው ለነሱ አይደለም ወይ፣ እንግዲያውስ አልቀምሰውም ማለቱን ይተርካል። ሳነበው ስቄአለሁ። ግን የንጉሡ መልስ ሐቀኛ ነው። ፍላጎቱ በቅጠል ሲደነዝዝና ሰው ፍላጎቱን ሲገዛው አንድ አለመሆኑን ሳያስበው ተናግሯል። እኔም ሁለት ሳምንት በጥማት ራሴን አደነዘዝኩ እንጂ አልገዛሁም ነበር።

ወደ ንጉሡ እንመለስ። ስለ እርሱ የሚናገሩ ሌሎች መጻሕፍት አሉ፤ የመነኮሳቱ ገድላት። በነዚህ ውስጥ ያው ንጉሥ ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል። የአባቱን የውድም ረዓድን ሚስት አግብቷል ይላሉ፤ ሚስት ሳትሆን ዕቁባት ናት የሚልም አለ። ሌላም ሌላም ተጨማሪ ነውር የሚቆጥሩ አሉ። በጸሎተ ሚካኤል የሚባለው የአማራ መነኩሴ መጀመሪያ ገሠጸው። እርሱ ንጉሡን ብቻ አይደለም፣ ጳጳሱንም ክህነትን በእጅ መንሻ ይሰጣል ብሎ የወቀሰ ሰው ነው። ተጋዘ። ቀጥሎ የሸዋው አኖሬዎስ ተነሣ። የደብረ አስቦ፣ ማለት ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለው ገዳም ልጅ ነው። ንጉሡ ፊት ቆሞ ይህችን ሴት ካልተውክ ከቤተ ክርስቲያን አንድነት ተለይተሃል አለው። ንጉሡ በሕዝብ ፊት አስገረፈው።

ገድሉ እንደሚለው ከመነኩሴው ጀርባ የፈሰሰው ደም እሳት ሆኖ የንጉሡን ሰፈር አቃጠለ። እ.ኤ.አ. በ1790 መጽሐፉን ያሳተመው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ይህንኑ ሲተርክ፣ በንጉሡ ወገን እሳቱን የለኮሱት መነኮሳቱ ናቸው ተብሎ መጠርጠሩን ጨምሯል። ሰፈሩ ከድንኳንና ከሳር ጎጆ የተሠራ እንደመሆኑ ለመቃጠል ተአምር አያስፈልገውም፤ ገድላቱም ነገሩ ካለፈ በኋላ፣ በተገራፊው ወገን የተጻፉ ናቸው። ግን ከበጸሎተ ሚካኤል፣ ከአኖሬዎስና ከፊልጶስ ገድላት የሚሰማው ጩኸት አንድ ነው፤ ጠብ ነበረ፣ ጅራፍ ነበረ፣ ስደት ነበረ። ዜና መዋዕሉ ስለዚህ አንድም አይተነፍስም። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው አንዱን ንጉሥ ከሁለቱ ውስጥ አሰባስቦ ማውጣት አለበት። በእኔ አስተያየት ሁለቱም እውነት ናቸው። ሰባት ቀን መራብ የሚችል ሰው አንድ ተግሣጽ መሸከም ላይችል ይችላል። ይህን ለማመን እኔ ሌላ ማስረጃ አልፈለግሁም።

ለመሆኑ መነኮሳቱ በንጉሥ ትዳር ምን ጥልቅ አደረጋቸው? የዘመኑ አንባቢ ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። አንደኛ፣ አርአያቸው በመጽሐፍ ነበር። ዮሐንስ መጥምቅ የወንድሙን ሚስት ያገባውን ሄሮድስን ገሥጾ አንገቱን ተቆረጠ። ጳውሎስም በቂሣርያ እስር ቤት ሳለ ገዥው ፊልክስ አስጠርቶት የተናገረው ስለ ጽድቅ፣ ራስን ስለ መግዛትና ስለሚመጣው ፍርድ እንደነበር የሐዋርያት ሥራ ይናገራል። ፊልክስ ፈርቶ አሰናበተው። ለምን ፈራ? አጠገቡ የተቀመጠችው ድሩሲላ የኤሜሳ ንጉሥ ሚስት የነበረች፣ እርሱ አባብሎ የወሰዳት መሆኗን የአይሁዱ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን የምንለው ሳይሆን፣ የመጀመሪያው መቶ ዓመት ሰው ዮሴፉስ ጽፎታል። ራስን መግዛት ገና ከጅምሩ በገዥ ፊት የተነገረ ቃል ነው። ለመነኩሴ ብቻ የተተወ የበአት ሥራ አልነበረም።

ሁለተኛው ምክንያት ረቀቅ ይላል። ብዙ ማግባት ለንጉሥ የሥጋ ነገር ብቻ አልነበረም፤ አገር ማስተዳደሪያ ነበር። የገበረን ባላባት ልጅ ማግባት ግዛትን ማሰሪያ ነው። ኋላ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሐድያዋ እሌኒ ወደ ቤተ መንግሥት የገባችውም በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ መነኮሳቱ አንድ ሚስት ይብቃህ ሲሉ ንጉሡ የሚሰማው ምኝታህን አጥብብ የሚል ብቻ አይደለም፤ ግዛትህን አጥብብ የሚል ነው። አማርኛችን ደግሞ ለሁለቱም አንድ ግስ ነው ያለው። አገር ይገዛል፤ ራስም ይገዛል። ገበያም ወጥተን በገንዘብ እንገዛለን። የቃላቱ ሥር ይለያይ እንጂ ግዛት፣ ግዝትና ግዞት በጆሮ ጎረቤት ናቸው፤ የዐምደ ጽዮንና የመነኮሳቱ ታሪክም በነዚህ በሦስቱ ያልቃል። ንጉሡ ግዛት ነበረው፤ መነኮሳቱ ግዝት ነበራቸው፤ መጨረሻው ግዞት ሆነ።

መነኮሳቱስ በምን አፋቸው ተናገሩ? ወሳኙ ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። የደብረ አስቦ መሥራች አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ሰባት ዓመት ቆመው መጸለያቸውን ሥዕላቸው ይመሰክራል። የተማሩት ሐይቅ እስጢፋኖስ በኢየሱስ ሞአ እግር ሥር ነው፤ ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በዚያው የደሴ መንገድ ለሄደ ሐይቅ መንገዱ ላይ ያገኘዋል። ልጆቻቸው የሚበሉት ጥቂት፣ የሚለብሱት ሻካራ ነበር። ንጉሥ የሚከለክላቸው ነገር ስላልነበራቸው ንጉሥን አልፈሩም። ፍትሐ ነገሥት በአሥራ አምስተኛው አንቀጹ ጾም የሚታዘዝበትን ምክንያት ሲገልጥ የሥጋ ፈቃድ ደክሞ ሥጋ ለነባቢት ነፍስ እንድትታዘዝ መሆኑን ይናገራል። መነኮሳቱ ግን ይህ መጽሐፍ ወደ ግእዝ ከመመለሱ በፊት ኖረውበታል።

ዐምደ ጽዮን የደብረ አስቦን መነኮሳት በየአገሩ በተናቸው፤ ወደ በጌምድር፣ ወደ ደንቢያ። ቅጣት ብሎ ያደረገው ነገር ስብከት ሆነለት፤ የተጋዙት በሄዱበት አስተማሩ። ልጁ ሰይፈ አርዕድ በ1344 ሲነግሥ ስደተኞቹን መለሰ፣ በአንዲት ሚስት እጸናለሁም አለ። ብዙም ሳይቆይ ቃሉን አፈረሰ ይላሉ ገድላቱ። በዚህ ጊዜ ከግብፅ የመጡት ጳጳስ አቡነ ያዕቆብና የደብረ አስቦው አበ ምኔት ፊልጶስ አብረው ቆሙበት። እነዚህ ሁለቱ ሸዋን ለዐሥራ ሁለት ንቡራነ እድ አካፍለው ስብከተ ወንጌልን ያደራጁ ናቸው። ጳጳሱ ወደ ግብፅ ተመለሱ። ፊልጶስ ተጋዘ፤ በግዞት ሳለም ዐረፈ።

ከዚያ በኋላስ? ከመቶ ዓመት በኋላ ዘርዐ ያዕቆብን እናገኛለን፤ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሠውን። ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ የምናልፋትን ደብረ ብርሃንን የቆረቆረ፣ የወላስማዎቹን ልጅ በድላይን በ1445 ድል የነሣ፣ መጽሐፈ ብርሃንን የሚያህል የሃይማኖት መጽሐፍ በስሙ የተጻፈለት። ደብረ አስቦን ደብረ ሊባኖስ ያሰኛትም እርሱ ነው። ጾመኛ፣ ጸሎተኛ፣ ሊቅ። ቀኝ በአልቲሐትና ግራ በአልቲሐት የሚባሉ እቴጌዎች ነበሩት። የበእደ ማርያምን እናት ጽዮን ሞገሳን ልጅሽን ልታነግሺ ታሤሪያለሽ ብሎ አስገርፎ በዚያው ሰበብ ሞተች። እንደገና ጅራፍ። የደብረ ሊባኖስ ሰዎችም ያኔ ከባድ መከራ አላጡም፤ ነገር ግን እንደ አኖሬዎስ ያለው፣ ስለ ንጉሡ ትዳር ፊት ለፊት ቆሞ የሚገሥጽ ድምፅ ቀዝቅዟል። ገዳማቱ ጉልት ተቀብለዋል፣ ከቤተ መንግሥቱ ጋር ተሳስረዋል። መሬት ያለው ሰው የሚያጣው ነገር አለው። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም፤ በጉልቱ መጻሕፍት ተጻፉ፣ ድሆች በሉ። ብቻ ንጉሥን ራስህን ግዛ ለማለት የሚያስችለው ዋጋ ምን እንደነበር ከዚህ ይታያል።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ያን ዓመት የማውቀው የኔታ የነገሩኝን ብቻ ነበር፤ ጾመኛ የነበረ ንጉሥ አንድ ሰው አስገረፈ። ለብዙ ቀን ከነከነኝ። ሰውየው "ሌላ ቀን" ብለው ነበር፤ አልመጡም። በየቀኑ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ እጠብቃቸዋለሁ። ልጁ ይመጣል፤ ከኋላ ይቀመጣል፤ ራሱን አይደፋም። ዓይኑን ፈጥጦ ያየኛል።

የመጋቢት አጋማሽ ላይ ዒድ ሆነ። ሁዳዴ ገና ነበር። ልብሴን ለውጬ፣ አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ ቤታቸውን ጠይቄ ሄድኩ። ቤቱ እንግዳ ሞልቶታል። አባትየው ሲያዩኝ ተነሡ፤ ቦታ ለቀቁልኝ። ሥጋ እንደማልበላ ስለሚያውቁ ማንም አላስቸገረኝም፤ ሴትየዋ ሽሮ ለብቻ አሠርታ አመጣችልኝ። ቡና ተጠጣ። የማወራው ሁሉ ጠፋኝ። በመጨረሻ እንግዳው ሲቀልል፣ "ስለዚያ ቀን..." ብዬ ጀመርኩ።

እጃቸውን አነሡ። "እኔን አይደለም የመታኸኝ" አሉ። ልጃቸውን ጠርተው አጠገቤ አስቀመጡትና ራሳቸው ተነሥተው ወጡ።

ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ክፍል ውስጥ ስናገር ቃል አልቆብኝ አያውቅም። ይቅርታ ለማለት ስንት ጊዜ እንደዞርኩ፣ በየት በየት በኩል እንደሄድኩ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። በመጨረሻ አልኩት። ልጁ ጣቶቹን ሲቆጥር ቆየ።

"ያን ቀን ሰሑር አምልጦኝ ነበር" አለኝ። "እንቅልፍ ወስዶኝ ሳልበላ ነጋ።"

"እና ጾመህ ነበር?"

"አዎ።"

"አባትህ ያውቁ ነበር?"

"ያውቃል" አለ፤ ተነሥቶም እጄን ሊያስታጥበኝ ውሃ አመጣ።